የከሰዓቱ ፈረቃ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ማመልከቻውን አስገባሁ። ቢሮው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እኔ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ጥበቃው «ወንድም፣ እዚሁ ነው እንዴ ያደርከው?» አለኝ። አንደኛ ነኝ ብዬ ስኩራራ፣ የመስኮቷ ሴትዮ የመንጃ ፈቃድህን ኮፒ አምጣ ብላ መለሰችኝና ስመጣ ሃያ ሦስተኛ ሆኜ ተሰለፍኩ። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

የከተማው አውቶቡስ ድርጅት የግማሽ ቀን ሾፌሮች ይፈልጋል። የጠዋቱ ፈረቃ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ነው። የከሰዓቱ ከስምንት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ተኩል። ለእኛ ቤት የሚሆነው የጠዋቱ ነው። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ነርስ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር የሚላቸው፣ ከንጋት እስከ ስድስት ሰዓት ከአባባ ጋር እውላለሁ ብለዋል። ከዚያ በኋላ እኔ እረከባለሁ። እህቴ ትሄዳለች። ኮሌጁ መጋቢት 16 ሪፖርት አድርጊ ብሏታል፤ የላብራቶሪ ሙያ፣ ዘጠኝ ወር፣ ሌላ ከተማ። ካቻምናም ተቀብለዋት አባባን ማን ይይዛል ተብሎ ቀርታለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ካልሄደች አትሄድም።

ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን ነበር፤ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ የትኛውም። ሰልፉ ይገፋል፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ አንገቴ ላይ ይተነፍሳል፣ እስክሪብቶውም የሰው ነው። በጥድፊያ ሞላሁት። ከሰዓት የሚለው ላይ ምልክት ሳላደርግ አልቀረሁም። ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አልሄድኩም። ትናንት የውሃ መስመሩ ተበላሽቶ ቧንቧ ሠሪ ስፈልግ ዋልኩ። ዛሬ ደግሞ እንዲሁ።

እህቴ ሳህን እያጠበች «ጋሼ፣ ጠዋት ነው ያልካቸው አይደል?» አለችኝ።

«እና ምን ልበላቸው ኖሯል?» አልኳት።

ዋሸሁ አይባልም። ጥያቄዋን በጥያቄ መለስኩ እንጂ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አባባን ስትሮክ ከመታቸው ስድስት ዓመት ሆነ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። ጭንቅላታቸው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ሬዲዮ ላይ የሚሳሳተውን ሁሉ በቅንድባቸው ያርማሉ። የመሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ድሮም ቢሆን ሁለቴ ሳይለኩ የማይናገሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን አንድ ቃል ከሆዳቸው ተነስቶ ከንፈራቸው እስኪደርስ እኔ ከተማውን ዞሬ እመጣለሁ።

አግዛቸዋለሁ እኔ። «እ...» ሲሉ «ውሃ?» እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «መስኮቱን ልክፈተው? ሬዲዮ? ሽንት ቤት?» በመጨረሻ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ይኼ መስማማት ነው ብዬ ውሃውን አመጣለሁ፣ ይጠጣሉ፣ እወጣለሁ። ሁሉም ነገር በአንድ ደቂቃ ያልቃል። እህቴ ግን ወንበር ስባ፣ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ወጥ ያርራል። እሷ ንቅንቅ አትልም። ያን ያህል ጊዜ ተቀምጣ ምን እንደምታስብ አንድ ቀን እጠይቃታለሁ።

ዛሬ በስልክ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማኋት። በሩ ጋ የቆምኩት የጫማዬን ክር ላስር ብዬ ነው።

«ልቡ ደግ ነው፣ እሱን አላማም። መቀመጥ ግን አይችልም። ወንበሩ ላይ ምስማር ያለበት ነው የሚመስለው። ከሰዓት ሙሉ ከአባባ ጋር... እንጃ። እንጃ እኮ ነው የምልሽ።»

ጫማው ክር የለውም ለካ።

ሚስቴ የነበረችውም ስትሄድ ይህንኑ ነው ያለችኝ። «አሥር ዓመት አብረን ኖርን፣ አንድ እራት ተቀምጠህ ጨርሰህ አታውቅም» ብላኝ ነው የወጣችው። እንዲህ ስትል እኔ ሻንጣዋን ታክሲው ላይ ጭኜላት ጨርሻለሁ።

ምን ላድርግ? አሥራ ስምንት ዓመት የዳቦ መኪና ነዳሁ። ዳቦ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። ሱቆቹ ሳይከፈቱ የእኔ ዳቦ ደጃፋቸው ላይ ነው። ዳቦ ቤቱ ተሽጦ ሲበትኑን አለቃዬ በሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ «ምንጊዜም ቀድሞ የሚደርስ» ብሎ ጽፎልኛል። ያችን መስመር ዛሬም አንብቤያታለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የጤና ምርመራ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ጉልበት፣ ሁሉም ደህና። የደም ግፊቱ ጋ ስንደርስ ልጅቷ «መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። አረፍ አልኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፣ ተነስቼ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ መጋረጃውን አስተካከልኩ። ስትለካኝ ቅንድቧን ሰቀለች። በሦስተኛው ሙከራ ጥፍሬን ቆጥሬ ቆጥሬ አለፍኩ።

ክሊኒኩ ከድርጅቱ ቢሮ ፊት ለፊት ነው። ያቺ መስኮት ክፍት ነበረች፤ ሰልፍም አልነበረም። ግን ቸኩዬ ነበር።

ሲታሰብ ደግሞ የጠዋቱን ሁሉም ሰው ነው የሚፈልገው። በከሰዓቱ የመግባት ዕድሌ ይሰፋል። መጀመሪያ መግባት ነው፤ ከገቡ በኋላ መቀየር ይቻላል። እንዲህ ነው መታሰብ ያለበት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ለፈተና ተጠርቻለሁ! ሐሙስ ሁለት ሰዓት።

ደብዳቤውን ሲስተር ተቀብለው አባባ ራስጌ ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጡት። ፖስታው ተከፍቷል። «የመብራት መስሎኝ ቀደድኩት፣ መነጽሬን ረስቼ ስለመጣሁ ግን አላነበብኩትም» አሉኝ። ከላይ በደማቅ ቀለም «ለከሰዓት ፈረቃ አመልካች» ይላል። እህቴ ገበያ ነበረች፤ ተመስገን ነው። ማንም ሳያየው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

አባባ ነቅተው ነበር። ዓይናቸውን ተከሉብኝና «ከ... ከ...» አሉ።

«ትራሱ ነው?» አልኳቸው። ትራሱን ከፍ አድርጌላቸው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ወደቅኩ።

ሐሙስ፣ ያው ቀን፣ ማታ

ተረጋግቼ ልጻፈው።

አሠልጣኙን ሾፌሮቹ «ደቂቃ» ነው የሚሉት። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን አንብቦ አጠፈው። አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ወዲያው ገባሁበት። ጅራቱ ሲዞር እግረኛ መንገዱን አልነካ፣ ፍሬኔ ሰው አላንገጫገጨ፣ ፍሬቻዬ በጊዜው። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ የታክሲዎቹን ጣሪያ እያየሁ፣ ከተማው ሁሉ እየተከፈተልኝ ሄድኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የማያውቅ ይመስለኛል።

አራተኛው ፌርማታ የሰዓት ፌርማታ ነው። ቀድመህ ከደረስክ ሰዓቱ እስኪሞላ በር ከፍተህ ትቆማለህ። አውቃለሁ፤ በጽሑፉ ፈተና መልሼዋለሁ። ደረስኩ። ሦስት ደቂቃ ቀድሜያለሁ። በሩን ከፈትኩ። ፌርማታው ወና ነው። አንድ ደቂቃ የሚሆን ቆየሁ፤ የቆየሁ መሰለኝ። ከዚያ በሩን ዘግቼ ሄድኩ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ ደቂቃ።

«ሦስት ከስምንት።»

«መነሳት የነበረብህ?»

«ሦስት ከአሥር። ግን እኮ ማንም አልነበረም! ባዶ ፌርማታ ላይ ምን አቆመኝ?»

«ስፖኪዮህን እይ።»

አየሁ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ በሁለት እጃቸው ከረጢት ይዘው ፌርማታው ላይ ቆመው አውቶቡሱን ያያሉ። አልሮጡም። ለመሮጥ ዕድሜያቸው አይፈቅድም። ዝም ብለው ነው ያዩን።

«አርፍደው ነው» አልኩ።

«አላረፈዱም። በሰዓታቸው ነው የመጡት።» ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ሾፌር ሲያረፍድ ሰው ይናደዳል፣ ይሰድበናል፣ ይሳፈራል። አንተ ግን ጥለሃቸው ነው የሄድከው። ዳቦ አይደለም የምትነዳው ወንድሜ።»

ወደ ዴፖው ተመለስን። ሁለተኛና የመጨረሻ ዕድል አለኝ፣ መጋቢት 4።

እህቴ በሩ ላይ ጠብቃኝ ፊቴን አይታ አልጠየቀችኝም። ሻይ አቀረበችልኝ። ቆሜ ጠጣሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ዝናብ። እህቴ ሻንጣ ገዝታ መጣች። ሰማያዊ። ባዶውን ሳሎን ውስጥ አቁማዋለች፣ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እመታዋለሁ።

አባባ በዚህ ሳምንት አስቸገሩ። ባዩኝ ቁጥር «ከ...» ይላሉ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ካልሲ? ከዘራ? ካርታ? ያልጠራሁት ዕቃ የለም። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። በግራ እጃቸው ገፉት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ተሳፋሪ ሆኜ የአውቶቡስ መስመሮችን እየዞርኩ ነው። ከእኔ ጋር የወደቀች አንዲት ሴትዮ አለች፣ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነድታለች። እሷን የጣላት ሌላ ነው፤ ፌርማታ ያልሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰውዬ እጁን ሲያነሳ ቀጥ አድርጋ አቆመችለት። «እጅ ሳይ እግሬ ራሱ ነው ፍሬን የሚይዘው፣ እኔን አይጠይቀኝም» አለችኝና ተሳሳቅን።

የሰዓት ፌርማታ ላይ የቆመ ሾፌር አየን። እጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወደ ፊት ያያል። አንድ ተሳፋሪ «አትሄድም እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። ዝም። ጥርሱን እንኳ አልነከሰም።

«ይህ እንዴት ነው የሚቻለው?» አልኳት።

«እቤትህ ወንበር የለም? ሰዓትስ የለም? ታዲያ ቁጭ በላ! ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳትነካ። እኔ የባሌን እጅ እያየሁ አለመቆም ልለማመድ ነው» ብላ ወረደች።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ሞከርኩ። ወጥ ቤት ስቀመጥ የሚንጠባጠበው ቧንቧ አስነሳኝ። ሳሎን ስቀመጥ ያ ሻንጣ። ምንም የሚሠራበት ነገር የሌለው ክፍል ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ የአባባ። ባለ ሰከንድ የግድግዳ ሰዓትም አለው።

ወንበሩን ስቤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ላይ አጋደምኩ። አባባ አዩኝ፣ ሰዓቱን አዩ፣ መልሰው አዩኝ።

«አባባ፣ ፌርማታ ላይ ነኝ። ሁለት ደቂቃ ነው፣ አይሥጉ» አልኳቸው።

የሚታዘዝላቸው የከንፈራቸው ግማሽ ሳቀ። ካየሁት ቆይቻለሁ። ሁለት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ላይ ተነሳሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ሦስት ደቂቃ። እግሬ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ወዲያው ደግሞ አራት። አባባ በሁለተኛው ላይ «ከ...» ብለው ጀመሩ፤ እኔ ልምምድ ላይ ነኝና መልስ አልሰጠሁም። እሳቸውም ተዉት። ወይም እኔ ተነስቼ ይሆናል።

እሑድ፣ የካቲት 30

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

እህቴ ጓደኞቿን ልትሰናበት ወጥታለች። አምስት ደቂቃ ልቀመጥ ብዬ ገባሁ። እጄ ጭኔ ላይ። አባባ «ከ...» አሉ። ዝም አልኩ። «ከ... ሰ...» ሰከንዱ ይሄዳል። ካልሲ ልል ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ልጠርግላቸው አሰብኩ፣ ከተነሳሁ ግን ያቆማሉ። ዝም አልኩ።

«ከሰዓት... ነው... ያልካቸው።»

ደንግጬ ቀና አልኩ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። አልጨረሱም፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው ቆይ አሉኝ። ቆየሁ።

«እሷ... ትሂድ።»

ከዚያ ረጅም ጊዜ። ሰዓቱን ማየት ትቻለሁ።

«እኔ... ከሰዓት... ብቻዬን... እሆናለሁ። አትንገራት።»

አሥራ ሦስት ቀን። ደብዳቤውን አንብበው አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሊሉኝ ሲታገሉ እኔ ትራስ አስተካከልኩላቸው፣ ውሃ አጠጣኋቸው፣ ብርድ ልብስ ደራረብኩባቸው። ልጃቸው ከእሳቸው ጋር መቀመጥ እንደማይፈልግ ያውቃሉ፤ አውቀውም ሊሸፍኑልኝ ነው የፈለጉት። ሽንት ቤት እንኳ ብቻቸውን የማይሄዱ ሰው።

ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ገብቼ እጃቸውን ሳምኩ። ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም ነበርና «እሺ» አልኩ። ምኑን ነው እሺ ያልኩት?

ሰኞ፣ መጋቢት 1

መስኮቷ ጋ ሄድኩ። ሴትዮዋ መዝገቡን ገልብጣ «የጠዋቱ ሞልቷል። ልቀይር ካልክ የጠዋት ተጠባባቂ ትሆናለህ» አለችኝ። ተጠባባቂ ማለት በየቀኑ በንጋት ዴፖ ተገኝተህ፣ የቀረ ሾፌር ካለ ትነዳለህ፣ ከሌለ እስከ አምስት ሰዓት አግዳሚ ላይ ትቀመጣለህ ማለት ነው። መቀመጥ! ለእኔ!

«ልቀይረው?» አለች፣ እስክሪብቶዋን አንስታ።

«ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

አለፍኩ። አራተኛው ፌርማታ ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቆምኩ፣ እጄ ጭኔ ላይ። ሰዓቱ ሞልቶ በር ልዘጋ ስል አንድ ተማሪ እያለከለከ ዘሎ ገባ። ደቂቃ መስኮቱን እያየ «እሺ» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ሽልማት ነው አሉ። የታክሲዋ ሴትዮም አልፋለች፤ አቅፋ ወዘወዘችኝ።

የከሰዓት ፈረቃ፣ ቋሚ መስመር። ውሉን ሰኞ እፈርማለሁ።

እህቴ ስትሰማ እልል አለች። ሻንጣዋን ከፈተች። ልብሷን አንድ በአንድ እያጠፈች ስታስገባ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ሲስተርን እስከ ስምንት ሰዓት እንዲቆዩ ብለምናቸውስ? ከስምንት እስከ አንድ ተኩል አምስት ሰዓት ተኩል ነው። አባባ ከሰዓት እንቅልፍ አላቸው። መጥሪያ ደወል ይገዛላቸዋል። የትኛው ጎረቤት ነው ደወሉን የሚሰማው?

እውነቱን ልጻፈውና ይውጣልኝ። ያን ክፍል እፈራዋለሁ። ሽታውን አይደለም፣ ሥራውንም አይደለም። እዚያ ስቀመጥ ነገ የምተኛበትን አልጋ የማይ ይመስለኛል። እግሬ ራሱ ያወጣኛል። ቅጹን ያን ቀን በጥድፊያ አይደለም የሞላሁት። ሦስቱን ሳጥን አንብቤ፣ አስቤ ነው።

እህቴስ አትፈራም ነበር?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ጠዋት ነው አላልከኝም?»

«አላልኩም። እንዲመስልሽ ነው ያደረግኩት።»

«አባባ ያውቃሉ?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ብቻዬን እሆናለሁ ያሉትንም። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ አንድ ሰው መጥቶ ትችያለሽ ወይ ብሎኝ ያውቃል? አንተ ገብተህ ትወጣለህ። ከእኔ እግር የተለየ እግር ስላለህ ነው? እኔ የምሮጥበት አጥቼ ነው?»

«አይደለም።»

«እኔም እኮ እፈራለሁ ጋሼ። ፈርቼ ነው የምቀመጠው።»

ክፍሏ ገባች። የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያም የቁምሳጥኑ በር። ልብሷን እየመለሰች ነው። ድንቹን ልጬ ጨረስኩት። ማንም አልበላም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ቢሮው ሳይከፈት ደረስኩ። ዛሬ ግን ሰልፉን አልቀደምኩም፤ ማዶ ቆሜ ሐሳቤን እስክጨርስ ጠበቅኩ። ሐሳቤ አላለቀም። እንዲሁ ገባሁ።

«ለጠዋት ተጠባባቂ ቀይሪልኝ» አልኳት።

«ቋሚ መስመር ደርሶህ? ሰው ይህን እየለመነ?» አለች። ደቂቃ ከኋላዋ ወረቀት ሲያገላብጥ ቀና ብሎ አየኝ። ማኅተሙን አቀበላት።

አዲሱ ወረቀት ላይ «የጠዋት ፈረቃ፣ ተጠባባቂ» የሚለውን ለእህቴ አሳየኋት። አነበበች። ገልብጣ ጀርባውንም አየች። መልሳ ሰጠችኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

የተጠባባቂነት ሁለተኛ ቀን። ሁሉም ሾፌር ገብቷል። የዴፖው አግዳሚ ብረት ነው፣ ይቀዘቅዛል። አሥራ አምስት አውቶቡስ ሲወጣ ቆጠርኩ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ። የታክሲዋ ሴትዮ በእኔ መስመር ተመድባለች፤ ከሰዓቱን ዛሬ ትጀምራለች። ቀናሁባት፣ ምን እደብቃለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከሲስተር ተረከብኩ። አባባን አጠብኩ። ከሰዓት ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። አንደኛው ስለ ምስር ነው፤ ጨው አብዝቼበታለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ጠዋት ስወጣ ሻንጣው ሳሎን ውስጥ ቆሟል። ገፋሁት፤ ከባድ ነው፤ ሞልቷል።

«አልታረቅኩህም» አለችኝ ከወጥ ቤት። «እሄዳለሁ ግን።»

እሑድ፣ መጋቢት 14

ዛሬ አንድ ሾፌር ታሞ ቀርቶ ነዳሁ። በአራተኛው ፌርማታ ላይ ቆምኩ።

ማታ እህቴ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የገላ ፎጣውን፣ የጀርባ ማሸቱን፣ ሁሉን ነገር አሳየችኝ። ስትጨርስ «ሌላም አለ፣ ግን አይነገርም፣ ስትቀመጥ ይመጣል» አለችኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሄደች። ከዴፖው ፈቃድ ጠይቄ ሸኘኋት። መናኸሪያው አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን፤ በእኔ ጥፋት። አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። ስንቀመጥ እኮ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም። መኪናው ሲጠራ ጉንጬን ሳመችኝና «ካቃተህ አትደብቀኝ» አለች። ቃል ገባሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ትናንት አልደወለችም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ምሳ በሉ? ጀርባቸውን አገላበጥክ? እኔ እንጃ ጋሼ፣ ክፍሉ ለአራት ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ሃያ ዓመት አይሞላቸውም። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስከ ዓርብ ካልተመዘገብኩ ቦታው ይሰረዛል፤ እና... አልመዘገብም ይሆናል። አባባን አገናኘኝ እስቲ።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ከተቸገሩ አንዲት ቃል ይበሉኝ፣ ነገ እመጣለሁ።»

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። «አ...» አሉ። ምን ሊሉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ «አለሁ፣ ደህና ነኝ» ሊሉ ነው። ምላሴ ላይ ደርሷል፣ ልልላቸው ምንም አልቀረኝም። በዚያ በኩል እሷ ዝም ብላለች፤ መጠበቅ የለመደች ናት፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ተቀምጬ ጠበቅኩ።

«አት... ምጪ።»

«አባባ?» አለች።

ጨረሱ ብዬ ስልኩን ላነሳ ስል በግራ እጃቸው አንጓዬን ያዙ። አልጨረሱም ነበር። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰዓቱ ከጀርባዬ ነው፣ አልዞርኩም።

«እሱ...» አሉ። ደግሞ ቆዩ። «እሱ... አለ።»

በዚያ በኩል ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ክንዴ ስለዛለ ስልኩን በሌላው እጄ ያዝኩላቸው፤ ሦስታችንም አልዘጋንም።